ስሟ የሌለበት የዶሮ ክትባት ዝርዝር

— ሄሎ?… አቤት፣ እኔው ነኝ… አዎ፣ የዶሮ ሐኪሙ። ማን ልበል?… አልሰማሁም፤ ግቢው ዶሮ በዶሮ ሆኗል፣ ጩኸቱ አያሰማም። ቆይ ወደ ማድ ቤቱ ግድግዳ ልጠጋ… አሁንስ? ይሰሙኛል?… ማን አሉኝ?

— አሃ። ጋሼ።

— አይ፣ አልደነገጥኩም። ቁጥርዎ ስለሌለኝ ነው። ከየት ይኖረኛል? ከአንድ መታጠፊያ ማዶ ተቀምጠው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ደውለውልን አያውቁም… ደህና ነን፣ ተመስገን። እማዬም ደህና ናት። እዚሁ ናት፣ ዶሮ እየያዘችልኝ።

— (ምንም አይደለም እማዬ፣ የሥራ ነው። ወሰራዋን እንዳትለቂያት፣ መጣሁ።)

— እሺ ጋሼ፣ ምን ልታዘዝ?… አዎ፣ ዛሬ ነው… አዎ፣ የፈንግል ክትባት ነው… እውነት ነው፣ ከወፍጮ ቤቱ በታች ገብቷል። የዳቦ ጋጋሪው እህት ዶሮዎች አልቀዋል። ረቡዕ ዕለት አንዷ አንገቷን መጠምዘዝ ጀመረች፤ ቅዳሜ ቆጡ ባዶ ነበር… ልክ ነዎት፣ ፈንግል ቀጠሮ አያከብርም። ይህ ለእርስዎ አይነገርም።

— የእርስዎ ስንት ሆኑ?… ሃያ ስድስት! ያኔ አራት አልነበሩም እንዴ?… ጥሩ መንጋ ነው… ዛሬ አልለቀቋቸውም? ብልህ ነዎት… ኦ፣ ማለዳ ሰው ዶሮ ይዞ ሲያልፍ ሰምተው ነው? ጆሮዎ አሁንም ደህና ነው እንግዲህ። ጉልበትዎ ነው እምቢ ያለው… አዝናለሁ። የእውነቴን ነው፣ የጉልበት ነገር ክፉ ነው።

— ብልቃጡማ ተበጥብጧል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የበጠበጥኩት… አዎ፣ እስከ አራት ተኩል። አንዴ ዱቄቱ ከውኃው ከተገናኘ ዕድሜው ሁለት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ የዶሮ ዓይን ላይ ቢያንጠባጥቡት ፊቷን አጠቡላት እንጂ አልከተቧትም… አሁን አራት ከአምስት ይላል። ሃያ አምስት ደቂቃ አለዎት… ተርፏል፣ እንዴታ! ሠላሳ ጠብታ አያጣም። እዚህ ሦስት ዶሮ ነው የቀረኝ።

— መምጣቱንማ እመጣለሁ። እግሬ ጤነኛ ነው፤ በመንገዱ ዞሬ በሩጫ ሦስት ደቂቃ አይፈጅብኝም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ትናንት አመሻሽ ላይ በርዎን ያንኳኳ ሰው ነበር?

— አልነበረም።

— አይ አይ፣ አንኳኪው አልዘነጋዎትም። አንኳኪው እኔ ነበርኩ።

— ሥርዓቱን ያወጡት እርስዎ አይደሉም እንዴ ጋሼ? ከክትባቱ በፊት ባለው ቀን አንድ ሰው በር ለበር ይዞራል፤ "ነገ ነው፣ እንዳትለቋቸው" ይላል። ዶሮ ማለዳ አንዴ ከቆጥ ወርዳ ከወጣች ሠራዊት ቢዘምትባት አትያዝም። ብልቃጡ ደግሞ ለአንድ ሰው ተብሎ አይከፈትም፤ መቶ ዶሮ ካልተሰበሰበ ሐኪም አይመጣም። ስለዚህ ያልተነገረው ሰው ቀረ ማለት ነው፣ እስከ ሦስት ወር። ይህን እኔ ከኮሌጅ አልተማርኩትም። ከእርስዎ ነው የተማርኩት።

— ትናንት ልብስ ሰፊዋን አንኳኳሁ። የሾፌሩን ሚስት አንኳኳሁ። የዚያችን ጆሮዋ የማይሰማ አሮጊት በር ሦስት ጊዜ ደበደብኩ፣ በመጨረሻ አጥር ዘልዬ ገባሁ፤ ሌባ መስዬአት በመጥረጊያ መታችኝ። ከዚያ ከእርስዎ በር ደረስኩ። ቀለሙን አድሰውታል። በስንጥቁ ሳይ ጎንበስ ብለው የዶሮዎቹን ውኃ ይቀይራሉ። እጄን አነሳሁ… መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ረሳሁ አልልዎትም። አይቼ፣ አስቤበት፣ አለፍኩ።

— ሄሎ?… ሄሎ፣ አሉ?… አሉ። አይዘጉትማ። ሃያ ስድስት ነፍስ እዚህ ስልክ ላይ ተንጠልጥሎ እንዴት ይዘጉታል?

— ለግብርና ቢሮ? ይክሰሱኝ እንጂ! ቁጥራቸውን ልስጥዎት?… ግን እዚያ ስልክ እስኪነሳ ድረስ አራት ተኩል ያልፋል። እኔ ራሴ ደውዬላቸው አውቃለሁ።

— ሁለት ቄብ?… እንቁላል የጀመሩ? አይ ጋሼ፣ ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ። ቄቦቹን ለራስዎ ያቆዩ፤ ከተረፉ።

— (እትዬ፣ ያንቺ ጥቁሯ ጨርሳለች፣ ዘንቢሉ ውስጥ መልሻት። ሁለቱ ይቆዩ… ማን እንደደወለ? ቆይ እነግርሻለሁ።)

— ልብስ ሰፊዋ ናት። ማን ነው ትላለች። ምን ልበላት?… እሺ፣ ዝም እላለሁ። ለጊዜው።

— ጊዜ እያጠፋሁ? አዎ፣ እያጠፋሁ ነው። የእርስዎን ጊዜ… ጨካኝ አይደለሁም። ሰው ሁሉ ትዕግሥተኛ ነው የሚለኝ። ዘጠኝ ዓመት የታገሠን ሰው አሥር ደቂቃ መታገሥ ያቅታል? ደግሞ የማወራዎት ስለ ዶሮ ነው፣ ከሚወዱት ነገር አልወጣም።

— እማዬ ይህን ቤት ስትገባ ይዛ የመጣችው አንድ ሣጥንና አንዲት ዶሮ ነው። ገብስማ፣ አንገቷ ላባ የሌለው። እናቷ ናት የሰጠቻት። አውቶቡስ ውስጥ በሻርፕ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት፣ መላጣ አንገቷ ብቻ ወጥቶ። ረዳቱ ጎንበስ ብሎ አየና፣ "ይቺ ሕፃን ናት ወይስ አሮጊት?" አለ። እማዬ፣ "አሮጊት ናት፣ ግን ግማሽ ቁረጥላት" አለችው… ይሳቁ፣ ያስቃል። ያኔም ስትናገረው ይስቁ ነበር እኮ፣ እኛ በር ላይ ቆመው።

— ሁሉም የመጣው ከዚያች ከአንዷ ነው። መጀመሪያ የታቀፈችው የጫማ ካርቶን ውስጥ ነው፤ ዘጠኝ እንቁላል፣ ሰባት ጫጩት፣ ሰባቱም መላጣ አንገት። ሰፈሩ ቤታችንን "የመላጦቹ ቤት" ይለው ነበር። እኔ መቁጠር የተማርኩት በጫጩት ነው፤ አርፈው ስለማይቆሙ ድምሩ ሁልጊዜ ይበዛብኝ ነበር። አስተማሪዬ፣ "ይህ ልጅ ከየት እያመጣ ነው የሚጨምረው?" ትል ነበር። ጭልፊት ሲያንዣብብ እማዬ የድስት ክዳን ይዛ ነው የምትወጣው። አንድ ቀን ወርውራ ጭልፊቱን ሳተችውና የጎረቤት ጣሪያ ላይ… የእርስዎ ጣሪያ ነበር? አዎ፣ የእርስዎ ነበር። መሰላል ይዘው ወጥተው ክዳኑን አመጡላት፣ የተጣመመውንም አቃንተው። አልክድም። ደግም ሰው ነበሩ። እውነት እውነት ነው።

— መታቀፍ ያማራትን ዶሮ ሰው ሁሉ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይነክራታል፣ እንድትተው። እማዬ አንድ ቀን አላደረገችውም። "እናት መሆን ያማራትን በውኃ አላስተዋትም" ትላለች። እንቁላል ባይኖር እንኳ ክብ ድንጋይ ፈልጋ ታስታቅፋት ነበር። እኔ ብርድ ልብስ ተከናንቤ እንቁላሉን በባትሪ አሳየዋለሁ፤ ውስጡ ቀይ ክር ሲታየኝ "ሰው አለ!" ብዬ እጮሃለሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ሁለት ዓመት። አውራውን ብቻ ከጎረቤት እየተዋሰች፣ እናቶቹ ሁሉ የዚያችው ዘር። ሠላሳ ስምንት ደርሰው ነበር።

— የእርስዎም ስም አላቸው?… ከጎንዎ የማትለይ አለች… ወንበርዎ ሥር ነው የምታድረው። ማን ይሏታል?… "ጸሐፊዬ"? ጥሩ ስም ነው። የእኛም ነበራቸው። "አሮጊቷ"። "ሹሟ"። "ገንፍል" የምትባል ነበረች፣ በትንሹ በትልቁ የምትቆጣ… አይ፣ ስለ "ጸሐፊዬ" አይንገሩኝ። ሆዴን ለማባባት አይሞክሩ፤ ገና አልጨረስኩም።

— ሰዓት? አራት ከአሥር። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል፣ ቀስ ይበሉ።

— ያን ቀን ጠዋት እማዬ ያወቀችው ዛሬ እርስዎ እንዳወቁት ነው፤ በሰው ኮቴ። የእኛዎቹ ግን ወጥተው ነበር። ሮጣ፣ ወድቃ፣ ተነስታ አሥራ አንዱን ያዘች። አራቱን በብብቷ፣ ሰባቱን በዘንቢል፣ ፀጉሯ ላይ ላባ ተሰክቶ። እኔ ከኋላዋ። እርስዎ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመዋል፤ እስክሪብቶ ጆሮዎ ላይ፣ በካርቦን የተገለበጠ ዝርዝር በእጅዎ። ዕድሜ ልክዎን መዝገብ ቤት የሠሩ ሰው ዝርዝርማ ያውቁበታል። ለእውነቱ ከሆነ እንደዚያ ያለ ሰልፍ ከዚያ ወዲህ አላየሁም፤ እኔ ዛሬ ሐኪም ሆኜ እንኳ ሰዉን ማሰለፍ አልቻልኩም። "ጋሽ ወረፋ" የምንልዎት ለዚህ ነው… አያውቁም ነበር? እንግዲህ ይወቁት።

— "ስምሽ የለም" አሏት። ሐኪሙ የሰፈሩ ሰው አልነበረም፤ ሰዓቱን ያያል። "ዝርዝሩ ላይ ከሌሉ አልችልም" አለ። እማዬ የእርስዎን ፊት አየች። እርስዎ ወረቀቱን አዩ። "ዘንግቼ ነው፤ ለሚቀጥለው" አሉ። እማዬ አሥራ አንዱን ይዛ ተመለሰች።

— በአሥራ ሰባተኛው ቀን የመጀመሪያዋ አንገቷ ዞረ። ላባ የሌለው አንገት ሲጠመዘዝ አይተው ያውቃሉ? የሚሸፍነው ነገር የለም፤ ጅማቱ ሳይቀር ይታያል። አራት ቀን ፈጀ። ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ፣ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ሁለት ጊዜ አሰፋሁት። በአምስተኛው ቀን ትምህርት ቤት አረፈድኩ፤ የሚቀሰቅሰን አውራ አልነበረማ። እማዬ ቆጡን በኖራ አጠበችው፣ ሁለት ዓመት አንዲት ዶሮ አላስገባችም። አሁን ያሉን ከእርባታ ጣቢያ የመጡ ነጫጮች ናቸው። እንቁላሉን ይጥሉታል፣ መታቀፍ ግን አያውቁም። ጫጩት ሲያዩ ይሸሻሉ። የፈለፈላቸው ማሽን ነው፣ ምን ይደረግ።

— ኮሌጅ ስገባ ሌላው ላም ያጠናል፣ ፈረስ ያጠናል። አስተማሪያችን፣ "አንተ ለምን ዶሮ?" አለኝ። "ዝርዝሩን የምይዘው እኔ እንድሆን" አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ።

— ምን እፈልጋለሁ? ትንሽ ነገር። ዘጠኝ ዓመት "ዘንግቼ ነው" ሲሉ ኖረዋል። ለእማዬ ብለዋል። የሰፈር ሽማግሌ ሲጠይቅዎት ብለዋል። እኔንም መንገድ ላይ አስቁመው ትከሻዬን እየነኩ ብለዋል። እሷን ቃል ይለውጡልኝና ሳጥኔን ይዤ እሮጣለሁ።

— "ብዙ ስም ነበር"… አይደለም ጋሼ። የእኛ ቤት ሁልጊዜ በዝርዝሩ ሦስተኛ ነበር… "ዕድሜ ነው"… ያኔ ስልሳ አልሞላዎትም… "ሳይጻፍ ቀረ"… ማን ሳይጽፈው? ዝርዝሩ እጅ አውጥቶ ነው ራሱን የጻፈው?… አራት ከአሥራ ሦስት።

— የወጋ ቢረሳ የሚለውን ተረት ለእኔ አይንገሩኝ። እርስዎ አልረሱም። ቢረሱማ ኖሮ እማዬ መንገድ ላይ ስታገኝዎት ወደ ማዶ ባልተሻገሩ።

— እሺ… ይበሉ… አልሰማሁም፣ ጮክ ይበሉ… "አውቄ ነው"። ይድገሙልኝ… "አውቄ ነው የተውኳት"። እግዜር ይስጥልኝ።

— አሁን እኔም አንድ ልንገርዎት። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ካደረግኩት ቆይቷል። ስለ ድስት ክዳኑ ስናወራ ነው የከፈትኩት። ለዚህ እኮ ነው ከዶሮ በቀር የሰው ድምፅ የማይሰማዎት። ልብስ ሰፊዋ እዚህ አግዳሚው ላይ ሁለት ዶሮ አቅፋ ተቀምጣለች። ዳቦ ጋጋሪው አለ። የሾፌሩ ሚስት አለች። ጆሮዋ የማይሰማው አሮጊትም አለች፣ ለእሷ የሾፌሩ ሚስት በጆሮዋ እየነገረቻት ነው። እማዬም አለች። ሁሉም ሰምተዋል። አሁን ሰፈሩ ያውቃል።

— (እማዬ፣ ሰማሽው? በገዛ አፉ አለ… ምነው እንደዚያ ታዪኛለሽ?)

— ሄሎ? ዘጉት እንዴ?… አልዘጉም… ምን አሉ?… "ሁሉም ካሉ ሁሉም ይስሙ"? ይበሉ! ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው።

— ቃሪያው… አዎ፣ የቃሪያ ችግኝዎን ዶሮዎቻችን ጭረው አጠፉት። እናውቃለን፣ እማዬ መጥታ ይቅርታ ጠይቃለች። ለጥቂት ቃሪያ ብለው ነው ሠላሳ ስምንት… እሺ። እሺ፣ አላቋርጥዎትም።

— የባለቤትዎ ነበር?… አልጋ ላይ ሆና… አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙረውላት… በየጠዋቱ ቅጠሉን ትቆጥር ነበር… አላውቅም ነበር… ዶሮዎቹ ሲጭሩት እያየች። መጮህ አልቻለችም… ከዚያ በኋላ መጋረጃው እንዳይከፈት አለች።

— ነፍስ ይማር። መታመሟን እንጂ ይህን አላውቅም ነበር… ያም ሆኖ ጋሼ፣ ዶሮ ዶሮ ናት። አፈር ካየች ትጭራለች። እማዬ ምን አጠፋች? በዓመት አንድ ቀን ቢያመልጧት…

— አላመለጧትም? ታዲያ ማን ለቀቃቸው?

— ምን የለበሰ?

— ይድገሙልኝ ጋሼ። ቀስ ብለው።

— ሰማያዊ ሹራብ… ኳስ በብብቱ… የዶሮውን ቤት ከፈተ፣ የግቢውንም በር ክፍቱን ትቶ ሮጠ… የእኛን ግቢ በሚያየው በዚያው መስኮት ነው ያያችሁት። ሁለታችሁም።

— ሹራቡ የአጎቴ ልጅ የሰጠኝ ነው። እጅጌው ይረዝምብኝ ነበር።

— እና ለምን ያኔውኑ አልተናገሩ… ለእማዬ ነገሯት? ያን ቀን?… "ልጅሽ ነው" አሏት… እሷስ?… "እኔ ነኝ የለቀቅኳቸው፣ ልጄን ይተዉልኝ" አለችዎት። እርስዎም ከልጅ ጋር ምን አጣላኝ ብለው እናቱን ከዝርዝሩ ፋቋት።

— ቆይ። አንድ ጊዜ ቆይ።

— (እማዬ… እውነቱን ነው?… እኔ ነበርኩ?… እትዬ፣ አንቺ ደግሞ አትሳቂ!… እማዬ ለምን አልነገርሽኝም? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?)

— "ጉድጓዱን ስትቆፍር እያየሁህ፣ በዚያ ላይ ይህን ልጨምርልህ?" ትላለች። ሰምተዋታል አይደል… ሰምተዋታል።

— አይ! አያጽናኑኝ። ከእርስዎ አልፈልግም… "ልጅ ነበርክ" አይበሉኝ። እኔ በር ነው የዘነጋሁት፣ የእውነት የዘነጋሁት። እርስዎ እስክሪብቶ ይዘው፣ ተቀምጠው፣ አስበው ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በሚዛን ቢያስቀምጧቸው አንድ አይሆኑም… ትናንትስ? ትናንትማ… ትናንት እኔም እርስዎን ሆኜ ነበር። ይኸው አልኩት። እርስዎ ለማለት ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶብዎታል፣ እኔ አንድ ሌሊት። ያንን ልዩነት ለራሴ እይዛለሁ።

— (ስንት ሰዓት ሆነ?… አራት ከአሥራ ስምንት… እማዬ? ወዴት ነው? እማዬ!)

— ጋሼ፣ ሳጥኑን አነሳችው… የበረዶ ሳጥኑን፣ ብልቃጡ ያለበትን! (እማዬ ስጪኝ፣ እኔ እሄዳለሁ!…) አትሰጠኝም። "አንተ ከሄድክ ወይ ታንቀዋለህ ወይ አቅፈኸው ታለቅሳለህ፤ ሁለቱም አያስፈልግም" ትላለች።

— አይ፣ አይሳሳቱ። ይቅርታ አይደለም። በሩ ላይ ቆማ ያለችውን ቃል በቃል ልንገርዎት፦ "ይቅር ብዬው አይደለም። ክትባቱ በየሦስት ወሩ ነው። ዶሮ እስካለው ድረስ በየሦስት ወሩ በሩን እኔ ራሴ አንኳኩቼ ፊቴን አሳየዋለሁ። ወረቀቱን አይደለም የሚያየው፣ እኔን ነው።" ወጣች። ልብስ ሰፊዋም ያልተከተቡ ሁለት ዶሮዎቿን አቅፋ ተከትላታለች… ሁሉም ወጡ፣ ዘንቢላቸውን እንደያዙ። አሮጊቷ ሳትቀር።

— ከእኔ ጋር ይሻልዎት ነበር ጋሼ። የእኔ ቂም ዛሬ አራት ተኩል ላይ ያልቅ ነበር። የእሷ ገና መጀመሩ ነው።

— አሁን ወደ ሥራ። ይስሙኝ፣ ጊዜ የለም። ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ናቸው?… የቤታቸውን መስኮት በጨርቅ ይሸፍኑት፤ ሲጨልምባት ዶሮ አትበርም። ወንበርዎን በሩ ላይ ያድርጉት፣ ጉልበትዎን እንዳይቆሙበት። አንድ በአንድ እያወጡ ይይዛሉ፣ እሷ ታንጠባጥባለች… ልብስ ሰፊዋ አይደለችም የምትይዘው፣ እርስዎ ነዎት። ዛሬ እማዬ ሌላ ሰው አታስነካም… ጉልበትዎን ይቻሉት። ሃያ ስድስት ጊዜ ብቻ ነው።

— አራት ከሃያ አንድ። ተንኳኳ?… ይክፈቱ… ይፍሩ፣ መፍራቱ ደግ ነው። ግን ይክፈቱ።

— ምን አለች?… ምንም?… ሰላምም አላለች?… እንግዲህ እንደዚያ ናት። እኔ በዚያ ዝምታ ነው ያደግኩት፤ ከጩኸት ይልቅ ይሰማል። እርስዎም ዝም ይበሉ። አሁን ምንም እንዳይሏት። "ዘንግቼ" የምትባለዋን ቃል እንዳያነሱ ብቻ።

— የመጀመሪያዋን ያውጡ… ስትጮህ ይሰማኛል። "ጸሐፊዬ" ናት?… ከእሷ ይጀምሩ፣ ደግ አደረጉ። ክንፎቿን አጥፈው በክንድዎ ሥር ያስገቧት። ራሷን በሁለት ጣት ዘንበል ያድርጉት፣ አንዱ ዓይኗ ወደ ላይ እንዲሆን። ጠብታው ሲወድቅ ወዲያው እንዳይለቋት፤ አንድ ጊዜ ጨፈን ከፈት እስክታደርግ ይጠብቁ። ከዚያ ገባ ማለት ነው።

— አመለጠች?… እማዬ ጠብታውን ይዛ ትጠብቅዎታለች፣ አውቃለሁ።

— እንደገና ይያዟት፣ አራት ከሃያ ሦስት ሆኗል… አሁንም አመለጠች?… ቆይ፣ በየትኛው እጅዎ ነው ስልኩን የያዙት?… ታዲያ! ያስቀምጡት ጋሼ። ዶሮ በአንድ እጅ አይያዝም።